«በሞቴ» የማይገባው እንግዳ

ምግብ እምቢ ሲባል ዝም ብለን ማየት አይሆንልንም። እንግዳ «በልቼ ነው የመጣሁት» ካለ «በሞቴ!» እንላለን። «እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ» ካለ ደግሞ ጠቅልለን ወደ አፉ እንሰዳለን። ታሞ የተኛ ዘመድ ስንጠይቅ ሐኪሙ ምን እንዳለ ከመስማታችን በፊት «እህል ይቀምሳል ወይ?» እንላለን። ምግብ እምቢ ያለ ፍጡር በእኛ መዝገብ ወይ አኩርፏል፣ ወይ ታሟል፣ ወይ ጾም ይዟል። አራተኛ ምክንያት አናውቅም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አራተኛው ምክንያት ነው። ስለ እባብ። (ቆይ፣ አትሽሹ! መርዝ የለውም።)

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አክስቴ ቤት ነው። የአክስቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ በዶሮ ወጥ የማይደራደር፣ ግን ደግሞ እባብ የሚያሳድግ ልጅ። እባብ ማሳደግ እዚህ አገር እኛ እንደምናስበው ጉድ አይደለም። እባብ፣ ኤሊና እንሽላሊት በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ ይኖራሉ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እየተባለ ላደግን ሰዎች ግን ነገሩ ቶሎ አይዋጥም። አክስቴም ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራክራ ነው የተሸነፈችው።

ታዲያ ይህ እባብ ኅዳር ላይ መብላት አቆመ። ታኅሣሥ አልበላም። ጥር አልበላም። የካቲትም እንዲሁ። መጀመሪያ የተጨነቀው ልጁ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ጭንቀቱ ወደ አክስቴ ተዛመተ። «ያ ነገር» እያለች ትጠራው የነበረችው ሴትዮ «ያ ምስኪን» ማለት ጀመረች። አንድ ማታ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «ዛሬም እህል አልቀመሰም?» አለችኝ። «አፉን ከፍቶ የሚያጎርሰው ባለሙያ የለም እንዴ በዚህ አገር?» ስትልም ከልቧ ነበር።

ምክር ደግሞ ሞልቷል። እባቡን የሸጠላቸው ሱቅ ሲደወልለት «በሕይወት ያለች አይጥ ጨምሩለትና እደሩ» አለ። ኢንተርኔት ላይ አንዱ «አስገድዳችሁ አጉርሱት» ይላል፤ ሌላው «አልቆለታል» ብሎ ያረዳል። ሁሉም ስለ እባቡ ይናገራል። እባቡ ስለተቀመጠበት ሣጥን የሚጠይቅ ጠፋ።

የእኔ አቋም ይኸውላችሁ። እባብ አልበላም ሲል መጀመሪያ መመርመር ያለበት እባቡ ሳይሆን ቤቱ ነው። ማጉረስ ደግሞ ጨርሶ የእኛ ሥራ አይደለም። መጠበቅ ግን ሥራ ነው፤ ሚዛንና ደብተር የሚፈልግ ሥራ።

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን ነገር አንድ ዜና ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምንና እንዴት የሚሉትን ካልመለሰ ዜና አይባልም የሚል ነው። «እባቡ አልበላም» የሚለው ዜናም ገና ያልተጠየቀ ዜና ነው። እስቲ እንጠይቀው።

ማን ነው እሱ? ፈረንጆቹ ቦል ፓይተን ይሉታል። የዘንዶ ወገን ነው። ሲፈራ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ራሱን መሐል ስለሚደብቅ ነው ስሙን ያገኘው። በእኛ ቆላ ያለው ትልቁ ዘንዶ 4 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ይሄኛው ግን አድጎ አድጎ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ነው። አገሩ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ዩጋንዳ የሚዘልቀው የሣር ምድር ነው። ቀኑን በአይጥ ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ተሸሽጎ ያሳልፋል፤ ሲመሽ ይወጣል። ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ከመሸሸግ የሚኖር ፍጡር ነው። ጉልበቱም ጋሻውም መደበቁ ነው።

የት ነው ያለው? አራት ጎኑ መስታወት የሆነ ሣጥን ውስጥ። እኛ እሱን ለማየት የገዛነው ሣጥን ነው። ለመደበቅ የተፈጠረን እንስሳ አደባባይ ላይ አስቀምጠን «ለምን አይበላም?» እንላለን። እናንተስ አራት መንገድ መሐል ላይ ማዕድ ቢቀርብላችሁ እጃችሁን ትዘረጋላችሁ? አዋቂዎቹ የሚመክሩት ቢያንስ ሁለት መደበቂያ ነው፤ አንዱ በሞቃቱ ጫፍ፣ አንዱ በቀዝቃዛው። መደበቂያውም ሰፊ ሳሎን ሳይሆን እባቡ ተጠቅልሎ ሲገባ ጎኖቹ ግድግዳውን የሚነኩበት ጠባብ ጎሬ መሆን አለበት።

ሙቀቱ ደግሞ አለ። እባብ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ ከአካባቢው ይበደራል። የዚህ ዓይነቱ እባብ ሣጥን ሞቃቱ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ገደማ እንዲሆን ይመከራል። አክስቴ ቤት ክረምቱን የምናሞቀው 20 ዲግሪ ነው (የመብራቱን ሂሳብ ያየ ይፍረድ)። ለእኛ ጋቢ ደርቦ የሚታለፍ ነው። ለእባብ ግን ምግብ መፍጨትና አለመፍጨት ነው። ሰውነቱ ሳይሞቅ አይጥ ቢውጥ አይጧ ሆዱ ውስጥ ትበሰብሳለች፤ ወይ ይተፋታል፣ ወይ ይታመማል። ስለዚህ በብርድ ጊዜ አለመብላቱ ብልህነት ነው። ምጣዱ ሳይግል ሊጥ የሚያፈስ ማን አለ?

ልጁ በርካሽ የገዛው ቴርሞሜትር መስታወቱ ላይ፣ ከፍ ብሎ ነበር የተለጠፈው። እባቡ የሚተኛው ግን ወለሉ ላይ ነው። ወለሉን ሲለካው ሞቃት የተባለው ጫፍ 27 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ወር ሙሉ «ምን ነካው?» የተባለው እባብ ምንም አልነካውም። በርዶታል።

መቼ ነው ያቆመው? ኅዳር። የዚህ ወገን እባቦች፣ በተለይ ለአቅመ አዳም የደረሱ ወንዶች፣ በብርዱ ወራት ምግብ መተዋቸው የተለመደ ነው። የመራቢያቸው ወቅት ነውና ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነው። እንቁላል የያዘች ሴትም ትተዋለች። ቆዳውን ሊለውጥ የተቃረበ እባብም ዓይኑ ግራጫና ደብዛዛ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይበላም፤ ሳያይ እንዴት ያድናል? አዲስ ቤት የገባም እንዲሁ። ገና እንደመጣ ለጎረቤት እያወጡ ከማሳየት ቢያንስ ሳምንት ያህል ሳይነኩት መተው ነው የሚሻለው። (እኛ ግን ሙሽራ እንደመጣ ሁሉ ሰው ጠርተን አንገታችን ላይ አድርገን ፎቶ እንነሳለን።)

ምን ቀረበለት? ይሄ አክስቴን ከማቀዝቀዣዋ ጋር ያጣላት ጥያቄ ነው። እዚህ አገር ለእባብ ከሚሸጡት አይጦች ብዙዎቹ ሞተው በረዶ የሆኑ ናቸው። ልጁ ከእንጀራው ጎን ሊያስቀምጣቸው ሲል የተነሣውን ጩኸት ተዉት። ጋራዥ ውስጥ ለብቻቸው ትንሽ ማቀዝቀዣ ተገዛላቸው። አክስቴ ትክክል ነበረች። እባቦች ራሳቸው ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የተባለውን የተቅማጥ ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ፤ በረዶ የሆኑ አይጦችም እንዲሁ። ስለዚህ የእባብ ዕቃ ከወጥ ቤት መራቅ፣ እጅም በሳሙና መታጠብ አለበት።

በረዶዋን ማቅለጥ ብቻ አይበቃም። የዚህ እባብ የላይኛው ከንፈር ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ጉድጓዶች ሙቀት ይለያሉ፤ በጨለማ የሚያድነው በእነሱና በምላሱ በሚሰበስበው ሽታ ነው። ቀዝቃዛ አይጥ ለእሱ የሞተ ዕቃ ነው። ፕላስቲክ ውስጥ አድርጎ ሙቅ ውኃ ላይ በማቆየት የሕያው ገላ ያህል ማሞቅ፣ ከዚያ በረጅም መቆንጠጫ ማቅረብ ነው። መጠኗም ከእባቡ ወገብ ወፍራም ቦታ ብዙም መብለጥ የለባትም። ትንሿን የአይጥ ዝርያ ለምዶ ያደገ እባብ ትልቁን ዝርያ ሲያቀርቡለት እንደማያውቀው ነገር ዞሮ ሊሄድ ይችላል። ሽሮ ለምደን ያደግን ሰዎች ይሄ ሊገባን ይገባል።

«በሕይወት ያለች አይጥ ጨምራችሁ እደሩ» የሚለውን የሱቁን ምክር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ያልራበው ወይም የበረደው እባብ ራሱን አይከላከልም። አይጧ ደግሞ በእኩለ ሌሊት ይርባታል፤ እባቡን ትበላዋለች። ጀርባቸው እስከ አጥንት የተበላ፣ የሞቱም እባቦች የእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ አዲስ ነገር አይደሉም። አዳኙ ታዳኝ ይሆናል ማለት ነው። የሚሸጥ ሰው ይህን ካላወቀ መሸጥ የለበትም። ካወቀና ካልተናገረ ደግሞ ይብሳል።

ለምን አይሞትም ታዲያ? አክስቴ በጣም የከበዳት ይሄ ነው። እኛ በአፈ ታሪካችን የምናውቀው እባብ ሕዝብ የሚገብርለት፣ በልቶ የማይጠግበው አርዌ ነው። ጾመኛ እባብ ሰምተን አናውቅም። እውነቱ ግን ይሄ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2007 ማርሻል ማኪዩ የተባለ ተመራማሪ ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ቦል ፓይተን ጨምሮ ሦስት ዓይነት እባቦች 6 ወር ገደማ ያለ ምግብ ቆዩ። የሰውነታቸውን የኃይል ፍጆታ እስከ 72 በመቶ ሲቀንሱ ታዩ። የበለጠ የሚገርመው፣ በዚያው ጾም ላይ ሆነው ርዝመታቸው መጨመሩ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። እነዚህ ሦስት እጥፉን አልፈው ሄደዋል።

ሲበሉ ደግሞ ገላቸው ሌላ ገላ ይሆናል። በበርማ ዘንዶ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከትልቅ ማዕድ በኋላ የሰውነቱ የኃይል ፍጆታ እስከ 40 እጥፍ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ደግሞ የልቡ ጡንቻ በ48 ሰዓት ውስጥ 40 በመቶ እንደሚገዝፍ አሳይቷል። ምግቡ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለእኛ ረሃብ አደጋ ነው። ለእሱ ከአንዱ ማዕድ እስከ ሌላው ያለው ረጅም ዝምታ የኑሮው ግማሽ ነው።

እንዴት እንጠብቅ? ሥራው እዚህ ላይ ነው። «ተወው፣ ይበላል» ማለት መጠበቅ አይደለም፤ መርሳት ነው። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በወጥ ቤት ዓይነት ሚዛን (በራሱ ሚዛን፣ በአክስቴ ሚዛን አይደለም) መመዘንና ቀኑን ከክብደቱ ጋር መጻፍ ያስፈልጋል። ውኃው ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ መገኘት አለበት። ምግብ በየ10 ወይም 14 ቀኑ አንድ ጊዜ፣ ሲመሽ ማቅረብ፤ ካልፈለገ አንስቶ መሄድ። በየቀኑ አይጥ አፍንጫው ላይ ማወዛወዝ ጭንቀቱን ይጨምርበታል እንጂ አያስርበውም። ሲበላ ደግሞ ለ48 ሰዓት አለመንካት።

ወደ ሐኪም የሚኬድበትም ጊዜ አለ። ክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ፣ አከርካሪው ከወጣ፣ ሲተነፍስ ካፏጨ ወይም አፉ ላይ አረፋ ከታየ፣ ድዱ ከቀላ ወይም ካመረቀዘ፣ የበላውን ከተፋ፣ ቆዳው ላይ ትንንሽ ጥቁር ተባዮች ከተንቀሳቀሱ ጥበቃው አበቃ። ተሳቢ እንስሳት የሚያውቅ ሐኪም ፈልጉ። ገና የተፈለፈለ ጫጩት እባብም የትልቁን ያህል ስንቅ ስለሌለው ያን ያህል አይጠበቅም። ማጉረስ ካስፈለገም በሐኪም እጅ፣ በመጨረሻው ሰዓት ነው። ቤት ውስጥ አፉን ፈልቅቆ መጠቅጠቅ ጉሮሮውን ሊቀድ ይችላል፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ባይጎዳው እንኳ ምግብን ከፍርሃት ጋር ያያይዝበታል።

የአክስቴ ልጅ ሁለተኛ ጎሬ አስገባ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ገዛ፣ ሦስቱን የመስታወት ጎኖች በካርቶን ሸፈነ፣ ደብተር ያዘ። ጾሙ ሲጀመር 1,420 ግራም የነበረው እባብ በአራት ወር ውስጥ 1,365 ደረሰ። 4 በመቶ ገደማ ማለት ነው። መጋቢት አጋማሽ ላይ አንድ ማታ በላ። አክስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሙቀቱ ነው፣ ጎሬው ነው፣ ወይስ ብርዱ አልፎ ወቅቱ ዞሮ ነው? ሦስቱንም በአንድ ሰሞን ስላስተካከልን ለይቶ መናገር አይቻልም። ሦስቱም ግን ከእባቡ ውጪ ያሉ ነገሮች ናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። «ድሮስ ማን እሰሩት አላችሁ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እነዚህ እባቦች ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ወደ አሜሪካ፣ አውሮፓና እስያ ተጭነዋል። «እርባታ» እየተባለ ከሚላከው ብዙው ከዱር የተሰበሰበ እንቁላል ወይም ያረገዘች እናት የተገኘበት ነው። ዛሬ ይህ እባብ ለአደጋ ሊጋለጡ ከተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በዚያው በቤኒን፣ ውዳ በተባለችው ከተማ፣ የዘንዶዎች ቤተ መቅደስ አለ። እባቦቹ ወጥተው እንዲያድኑ ይለቀቃሉ። ሰው ቤት ከገቡም ነዋሪው አይገድላቸውም፤ መልሶ ያመጣቸዋል። አንድ አካባቢ የሚያከብረውን እንስሳ ሌላው በካርቶን አሽጎ ይነግድበታል።

ሆኖም እዚህ ሰው ቤት የተፈለፈለውን እባብ ወደ ቶጎ መልሱት ማለት አይቻልም፤ ሜሪላንድ ጫካ መልቀቅም መግደል ነው። ያለውን በወጉ መያዝ ግዴታ ነው። ሌላ ከመጨመር በፊት ማሰብ ደግሞ የበለጠ ግዴታ ነው። የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ «የተፈለፈለው የት ነው?» እና «ምን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ በልቷል?» የመብሉን መዝገብ የማያሳይ ሻጭ እባብ ሳይሆን ችግር ነው የሚሸጠው። እ.ኤ.አ. በ2020 በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ እንቁላል የጣለችው ቦል ፓይተን ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በላይ እንደሆነ ተነግሮ ነበር። በወጉ ከተያዘ 20 እና 30 ዓመት መኖሩ የተለመደ ነው። የ16 ዓመት ልጅ የሚገዛውን እባብ የ40 ዓመት ሰው ሆኖ ሊያጎርሰው… ይቅርታ፣ ሊመዝነው ነው።

«በሞቴ» ደግ ቃል ነው። አልጠላውም፤ ያሳደገኝ ቃል ነው። ግን አንዳንዴ የሚያጠግበው የተቀበለውን ሳይሆን የሰጠውን ሰው ነው። እባብ ደግሞ ይሉኝታ የለውም። እኛን ደስ ለማሰኘት አንዲት ጉርሻ አይውጥም። አይጮኽም፣ አያለቅስም፣ ጭራውን አይቆላም። ስለ ቤቱ ቅሬታ ካለው የሚናገርበት ሌላ ቋንቋ የለውም፤ አለመብላት ብቻ ነው ያለው። ይህን አንድ ቃሉን አፉን ፈልቅቀን ከምናስተወው ቴርሞሜትሩን ወለሉ ላይ ማስቀመጥ ይቀላል።

ልጃችሁ «እባብ ግዙልኝ» ያላችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ ከ«አይሆንም!» በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «አራት ወር ሙሉ ባይበላ ምን ታደርጋለህ?» መልሱ «አጎርሰዋለሁ» ከሆነ ገና ነው።

ቸር ይግጠመን!